የማገዶው ሸክም፦ የቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ሕይወት

ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 8፣ የቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔርን መታሰቢያ ታደርጋለች። ር.ሊ.ጳ. እስክንድር 8ኛ በ1690 ዓ.ም. ቅድስናውን አወጁ፤ ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛም በ1886 ዓ.ም. ከቅዱስ ካሚሎ ጋር የሕሙማንና የሆስፒታሎች ጠባቂ አድርገው ሰየሙት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድውዩን በክንዱ ታቅፎ የሚያሳየውን ሥዕል በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ያዩ ምእመናን ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ይህ የሕሙማን አባት ራሱ አእምሮው ታውኳል ተብሎ የታሰረና የተገረፈ ሰው እንደ ነበረ፣ ከዚያ ውድቀት ሲነሣም የመጀመሪያው ተግባሩ እንጨት ለቅሞ መሸጥ እንደ ነበረ ብዙ አይነገርም።

የእንጦጦ ሰው ለዚህ ታሪክ እንግዳ ሊሆን አይችልም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባው የባሕር ዛፍ ደን ቅጠሉንና ጭራሮውን አስረው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው፣ ከእንጦጦ ራጉኤል ደብር አካባቢ ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች የማያውቅ የለም። በዚያው ተራራ ባሉት የጸበል ቦታዎች ደግሞ ቤተ ዘመድ አእምሮው የታወከበትን ልጁን ወይም ወንድሙን ይዞ ይሰነብታል፤ አንዳንዱም እንዳይጠፋበት ብሎ ያስረዋል። የዮሐንስ ሕይወት በሰንሰለቱና በሸክሙ መካከል ያለፈ ነው።

ዮሐንስ በ1495 ዓ.ም. በፖርቱጋል አገር ሞንተሞር በምትባል ከተማ ተወለደ። የስምንት ዓመት ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ወደ እስፓኝ ተወሰደ፤ እንዴትና ለምን እንደ ወጣ የሚተረከው ሁሉ አይጣጣምም። ኦሮፔሳ በተባለች ቦታ አንድ የእረኞች አለቃ በቤቱ አሳደገው፤ በጎችንም ይጠብቅ ነበር። ጎልማሳ በሆነ ጊዜ ግን እረኝነቱን ትቶ ለንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ወታደር ሆኖ ከፈረንሳይ ጋር ወደሚደረገው ጦርነት ሄደ። በዚያ ቀለብ ፍለጋ በወጣበት ከፈረስ ወድቆ ለሞት ተቃረበ። ቀጥሎም እንዲጠብቅ የታዘዘው የምርኮ ዕቃ ቢሰረቅ፣ አለቃው በስቅላት እንዲቀጣ ፈረደበት። በሰዎች ምልጃ ነፍሱ ተርፎ ተባረረና ወደ በጎቹ ተመለሰ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዳግመኛ ወታደር ሆነ፤ በ1532 ዓ.ም. ከቱርኮች ጋር በተደረገው ዘመቻም ተካፈለ።

ከዘመቻው መልስ ወላጆቹን ፍለጋ ሞንተሞር ገባ። አጎቱ የነገረው መርዶ ከባድ ነበር፤ እናቱ ልጇ ከጠፋ በኋላ ብዙ ሳትቆይ በሐዘን ሞታለች፤ አባቱም ወደ ፍራንቸስካውያን ገዳም ገብቶ በዚያው ዐርፏል። ለእናቱ ሞት ምክንያቱ እኔ ነኝ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ቀን በኋላ ተለይቶት አያውቅም።

ባሕር ተሻግሮ በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ወዳለችው ሴውታ ሲሄድ፣ ከአገሩ የተሰደደ አንድ ፖርቱጋላዊ ባላባት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አብሮት ነበር። ቤተሰቡ ታሞና ተርቦ ባየ ጊዜ፣ ዮሐንስ በከተማይቱ ቅጥር ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ድንጋይና ጭቃ እየተሸከመ፣ ማታ ማታ ደመወዙን ለእነርሱ ይሰጥ ጀመር። በወታደርነቱ ዘመን ያላገኘውን የልብ ዕረፍት በዚህ የጉልበት ሥራ አገኘ። ሆኖም ከሠራተኞቹ አንዱ፣ እጅግ የሚወደው ጓደኛው፣ መከራው በዝቶበት ወደ ሌላ ሃይማኖት ኮበለለ። ዮሐንስ ይህንም ጥፋት የራሱ አደረገው፤ በጥልቅ ሐዘን ተዋጠ፤ ተስፋም ወደ መቁረጥ ደረሰ። የነፍስ አባቱ የነበሩት ፍራንቸስካዊ ካህን ያንን አገር ለቆ ወደ እስፓኝ እንዲመለስ አዘዙት። የሰውን ነፍስ ሁኔታ የሚያስተውል ካህን ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግመን እናያለን።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍትንና ቅዱሳት ሥዕላትን በጀርባው ተሸክሞ በየመንደሩ እየዞረ መሸጥ ያዘ። በመጨረሻም በግራናዳ ከተማ በኤልቪራ በር አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ዕድሜው ከአርባ ዓመት አልፏል፤ ሥራው ሰላማዊ፣ ገቢውም ደኅና ነበር።

በ1530ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን በቅዱስ ሰባስትያኖስ በዓል፣ ታላቁ ሰባኪ አባ ዮሐንስ ዘአቪላ በግራናዳ ሰበኩ (እርሳቸውም በ2012 ዓ.ም. በር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ተብለው ተሰይመዋል)። መጽሐፍ ሻጩ ስብከቱን ሲሰማ ምሕረት እያለ እየጮኸ ወጣ። በምድር ላይ ተንከባለለ፤ ጢሙንና ቅንድቡን ነጨ፤ ግንባሩን ከድንጋይ ጋር አላተመ። ወደ ሱቁ ሮጦ ዓለማውያን የሆኑትን መጻሕፍት በጥርሱና በጥፍሩ ቀደደ፤ መንፈሳውያኑን ለለመነው ሁሉ አደለ፤ ገንዘቡንና ልብሱንም እስከ መጨረሻው በተነ። በአደባባዩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ኃጢአቱን እየጮኸ ተናዘዘ። ልጆች እብድ እብድ እያሉ በድንጋይና በጭቃ እየወገሩ ተከተሉት። ቀናትም እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ ደግ ሰዎች አዝነውለት፣ ፈርዲናንድና ኢዛቤላ ወደ መሠረቱት ንጉሣዊ ሆስፒታል ወስደው፣ አእምሯቸው የታወከባቸው ሰዎች በሚታሰሩበት ክፍል አስገቡት።

የዚያ ዘመን ሕክምና ጅራፍ ነበር። ሥጋ ሲቆስል አእምሮ ይመለሳል ተብሎ ስለሚታመን፣ እጅና እግሩን አስረው በተደረበ ገመድ ይገርፉት ነበር። ዮሐንስ ስለ ራሱ ከመጮህ ይልቅ በአጠገቡ ስለሚገረፉት ሌሎች ሕሙማን አስታማሚዎቹን ይገሥጽ ነበረ፤ እነርሱም ስለዚህ ግርፋቱን አበዙበት። ሁኔታው ረገብ ሲል ፈቱት። ያን ጊዜ መጥረጊያ አንሥቶ ክፍሉን ጠረገ፤ ድስቱን አጠበ፤ ለመንቀሳቀስ የማይችሉትን ያገለግል ጀመር። ድሆችንና ሕሙማንን በልቡ ፈቃድ በደግነት የሚያስተናግድበት ቤት እንዲኖረው የተመኘው በዚያ ቤት፣ መጥረጊያ በእጁ ይዞ ሳለ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። የቅዱሱን የመጀመሪያ የሕይወት ታሪክ የጻፉት፣ በግራናዳ በስሙ የሚጠራው ሆስፒታል አስተዳዳሪ የነበሩት ካህን ፍራንሲስኮ ደ ካስትሮ ናቸው፤ መጽሐፋቸውም በ1585 ዓ.ም. ታትሟል። እርሳቸው ዮሐንስ ስለ ክርስቶስ ሲል ለመዋረድ ፈልጎ እብድ መሰለ እንጂ አልታመመም ይላሉ፤ ብዙዎችም ይህን ተቀብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። በኋላ ዘመን የጻፉ ሌሎች ግን ሕመሙ እውነተኛ ሕመም እንደ ነበረ ያምናሉ። ይህ ጸሐፊ ከኋለኞቹ ጋር ይስማማል። ሕመም ከቅድስና ጋር አይጣላምና፣ ለቅዱሱ ክብር ብለን ሕመሙን መካድ አያስፈልገንም።

በዘመናችን ሐኪሞች ባይፖላር የሚሉት ሕመም አለ። ሕመምተኛው አንድ ወቅት ከልክ ባለፈ ስሜት ይጋልባል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ያለ ዕረፍት ይናገራል፤ ገንዘቡን ይበትናል። ሌላ ወቅት ደግሞ በጥልቅ ሐዘን ይወድቃል፤ ከአልጋ መነሣትና ፊት መታጠብ እንኳ ተራራ ይሆንበታል። የዮሐንስን ሕመም በዚህ ስም መጥራት አይገባም፤ ከአራት መቶ ሰባ ዓመታት በላይ ርቆ ሕመምተኛን የሚመረምር ሐኪም የለም። ነገር ግን ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖር ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የራሱን ጎዳና ሳያውቀው አይቀርም። ለዚህ ሕመም ዛሬ መድኃኒት አለው፤ በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታልና በሌሎችም ቦታዎች ይታከማል። ጸሎትን የሚያስተምር ካቴኪስት ሕመምተኛውን መድኃኒትህን ተው ብሎ ከመምከር እጅግ መጠንቀቅ አለበት። በዮሐንስ ዘመን ከገመድ በቀር የተገኘ አልነበረም።

ከሆስፒታሉ ሲወጣ በክረምት ብርድ በባዶ እግሩ ወደ ጓዳሉፔ ወደ እመቤታችን መቅደስ ተሳለመ፤ ከዚያም አባ ዮሐንስ ዘአቪላን አግኝቶ ምክራቸውን ተቀበለ። እኒህ አባት በእስራቱ ጊዜም መልእክት እየላኩ ያጽናኑት ነበር። አሁን ወደ ግራናዳ እንዲመለስ፣ የነፍስ አባት እንዲይዝና ያለ ምክር ምንም እንዳይጀምር ነገሩት። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ግራናዳ ማለት እርቃኑን ያየችው፣ በጭቃ ያሳደደችው፣ እብድ ብላ ስም ያወጣችለት ከተማ ናት።

ኑሮውን ለማሸነፍ በከተማይቱ ዙሪያ ካለው ተራራ ወጥቶ ማገዶ ለቀመ፤ አስሮም ተሸከመና ወረደ። የወፍጮዎች በር ከሚባለው የከተማይቱ መግቢያ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ አለው። ሕመሙ በበረታ ጊዜ ያለ እፍረት የተንከባለለበትን አደባባይ አሁን በጤናማ አእምሮ፣ የእንጨት ሸክም በጀርባው ይዞ ሊያቋርጠው ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ያለፈበት ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሕመሙ ሲበረታ እፍረት የለም፤ ሲሻል ግን ሁሉ ይታወሳል። ዮሐንስ በሩን ማለፍ አቃተው። ሸክሙን በዚያው ለአንዲት ድኻ መበለት ሰጥቶ ባዶ እጁን ቀረ። ሴቲቱ በዚያ ቀን ያልጠበቀችውን እሳት አነደደች። አላማውን ሳይፈጽም የቀረበት የመጀመሪያው ቀን እንኳ ያለ ፍሬ አላለፈም።

በማግሥቱ በማለዳ ተነሣ፤ ቅዳሴ ሰማ፤ ዳግመኛ ወደ ተራራው ወጥቶ እንጨቱን ተሸክሞ መጣ። እፍረቱ ዛሬም በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ዮሐንስ ግን የገዛ ሥጋውን ለጌታው እንደማይታዘዝ አህያ እየገሠጸ፣ ዛሬ ባወቁህ ሁሉ ፊት ታልፋለህ እያለ፣ ቢባራምብላ እስከሚባለው ታላቅ አደባባይ ድረስ ነዳው። ያወቁት ሰዎች ከበቡት፤ መጽሐፍ ሻጭነቱን ትቶ እንጨት ቆራጭ ሆኖ እንደሆነ፣ በሆስፒታሉ መስተንግዶው እንዴት እንደ ነበረ እየጠየቁ ተሳለቁበት። እርሱም አልተቆጣም፤ አብሯቸው ሳቀ፤ ቀልዱን በቀልድ መለሰ። እንጨቱም ተሸጠ። ከሽያጩ ለዕለት ጉርሱ የሚበቃውን አስቀርቶ የቀረውን በየደጀ ሰላሙና በየበረንዳው ለሚያድሩ ድሆች አከፋፈለ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ አደረገ።

ማታ ማታ ድሆቹን ፍለጋ ሲዞር፣ ብርድ ያቆራመዳቸውን፣ ቁስላቸው የሸተተውን፣ ቀን ሰው ሁሉ አይቶ የሚያልፋቸውን በዓይኑ አየ። ማገዶው ባያወጣው ኖሮ በእነዚያ በረንዳዎች ላይ ባልቆመም ነበር። እንጨቱን የገዙት ሰዎችም ሰውየውን ቀስ በቀስ አመኑት። በእነርሱ እርዳታ በዓሣ ገበያው አካባቢ ቤት ተከራየ፤ ምንጣፍና አሮጌ ብርድ ልብስ ገዛ፤ በበረንዳ የተኙትንም በጀርባው እያዘለ አስገባ። ይህ የሆነው በ1539 ዓ.ም. ገደማ ነው። የከተማይቱ ታላላቅ ሰዎች በኋላ የሚያደንቁት ሆስፒታል የተጀመረው በማገዶ ገንዘብ ነው።

ድሆቹ ሲበዙ እንጨቱ አልበቃም፤ መለመን ግድ ሆነ። በጀርባው ትልቅ ቅርጫት አዝሎ፣ በገመድ ያንጠለጠላቸውን ሁለት ድስቶች ይዞ፣ በዝናብም በጨለማም በየመንገዱ እየጮኸ ይለምን ነበር። የልመናው ቃል ሰሚውን ያስደንቅ ነበር፤ ለእኔ ስጡኝ አይልም፤ ሰጪው ለራሱ በጎ እንዲያደርግ ይጋብዝ ነበር እንጂ። በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም የሚለምነውን የአገራችንን የቆሎ ተማሪ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በከተማይቱ የነበሩት የቱይ ጳጳስም ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር የሚለውን ስም ሰጡት፤ ልብሱን ለለማኝ እየሰጠ ቡትቶ ለብሶ ስለሚመላለስም የሚለብሰውን ወስነው አለበሱት። እብድ ተብሎ ስም የወጣለት ሰው በዚያችው ከተማ በእግዚአብሔር ስም ተጠራ።

ከደብዳቤዎቹ ስድስቱ እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ከእነርሱ የምናገኘው ዮሐንስ በሥዕል ከምናየው የተለየ ነው። በቤቱ ከ110 በላይ ሰዎች እንዳሉ ይዘረዝራል፤ ሽባዎች፣ ለምጻሞች፣ ዕውሮች፣ አእምሯቸው የታወከባቸው፣ መንገደኞች ጭምር። ለልብስ፣ ለጫማና ለአንሶላ ከሁለት መቶ ዱካት በላይ ዕዳ እንዳለበት፣ ባለዕዳዎቹንም ፈርቶ ብዙ ጊዜ ከቤት እንደማይወጣ፣ ድሆቹን መርዳት ሲያቅተው በብርቱ እንደሚያዝን ይናገራል። የግራናዳ ድሆች አባት ደጁን ዘግቶ የሚቀመጥበት ቀን ነበረው ማለት ነው። ሐዘኑ በሥራው ምክንያት አልጠፋም። በማግሥቱ ግን ቅርጫቱን አንሥቶ ይወጣ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቁት ሰዎች እራት ይፈልጋሉና።

ስለ ገንዘብ አያያዙ ወዳጆቹም ሳይቸገሩ አልቀሩም። አንድ ጊዜ ዕዳውን ለመክፈል ብሎ እስከ ቤተ መንግሥት፣ እስከ ቫያዶሊድ ድረስ በእግሩ ሄዶ ከልዑል ፊልጶስ ምጽዋት ተቀበለ። ከዚያ ሳይወጣ አብዛኛውን ለከተማይቱ ድሆች አድሎ ጨረሰው። ለግራናዳ አስቀምጥ ሲሉት፣ በዚህም በዚያም የሚሰጠው ለአንድ እግዚአብሔር ነው ብሎ መለሰ። ቅዱሳንን በሁሉ ነገር መምሰል እንደማይገባ ለማስረዳት ይህ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል።

ከልመናው ያገኘው ግን ገንዘብ ብቻ አልነበረም። አንቶን ማርቲን የተባለ ሰው፣ ወንድሙን የገደለበትን ፔድሮ ቬላስኮን በፍርድ ለማስቀጣት ግራናዳ ተቀምጦ ነበር። ዮሐንስ በልመናው ከአንቶን ጋር ተዋወቀ፤ አንድ ቀንም በመንገድ ላይ አግኝቶ መስቀሉን እያሳየ ይቅር እንዲል ለመነው። አንቶን ተሸነፈ። ሁለቱም ደመኞች በአንድነት ወደ ዮሐንስ ቤት ገብተው ሕሙማንን ያጥቡ ጀመር፤ የማኅበሩም የመጀመሪያዎቹ ወንድሞች እነርሱ ናቸው። ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 5ኛ በ1572 ዓ.ም. ይህን የወንድሞች ማኅበር አጸደቁት።

በ1549 ዓ.ም. ጁላይ 3 ቀን በንጉሣዊው ሆስፒታል እሳት ተነሣ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ከሩቅ ይመለከት ነበር። ዮሐንስ በገመድ የተገረፈበትን ቤት በር ገፍቶ ገባ። ክፍሎቹን ጠንቅቆ ያውቃቸዋል፤ አንድ ጊዜ በመጥረጊያ ዞሯቸዋልና። ሕሙማኑን እየመራም እየተሸከመም አወጣ፤ አልጋና ብርድ ልብሱን በመስኮት ወረወረ፤ ከዚያም እሳቱን ለመቁረጥ መጥረቢያ ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ነበልባሉ ከሁለት በኩል ሲከበው ሰዉ ሞቷል ብሎ አለቀሰለት። ከጭሱ ውስጥ ሲወጣ የተቃጠለው ቅንድቡ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት የሔኒል ወንዝ ሞልቶ ከላይ ብዙ እንጨት ይዞ ወረደ። ዮሐንስ ለቤቱ ድሆች ማገዶ ሊለቅም ወጣ፤ ዕድሜው ሃምሳ አምስት ሊሞላ ነው፤ ሰውነቱም ደክሟል። አብሮ እንጨት ሲያወጣ የነበረ አንድ ልጅ ጎርፉ ወሰደው። ዮሐንስ ተከትሎ ዘለለ፤ ልጁን ግን ሊያድነው አልቻለም። ሐዘኑና ብርዱ ተባብረው በአልጋ ላይ ጣሉት። በዚያው ሰሞን ሰዎች ከሰውት ነበርና ሊቀ ጳጳሱ ፔድሮ ጌሬሮ አስጠርተው፣ ምግባረ ብልሹ ሰዎችን በቤቱ ያስጠጋል መባሉን ነገሩት። እርሱም ከእርሱ ከራሱ በቀር በዚያ ቤት መጥፎ ሰው እንደማያውቅ መለሰላቸው፤ ሊቀ ጳጳሱም ባርከው ሰደዱት።

አና ኦሶሪዮ የተባሉ ወይዘሮ በድሆቹ መካከል ተኝቶ ባዩት ጊዜ ወደ ቤታቸው ሊወስዱት ፈለጉ። ከድሆቹ ተለይቶ በንጹሕ አልጋ መተኛት እጅግ ከበደው፤ ለመታዘዝ ብሎ እያለቀሰ ሄደ። ሊቀ ጳጳሱ ሊጠይቁት መጥተው፣ ቅዱሳት ምስጢራትን ከሰጡት በኋላ የሚያስጨንቀው ነገር እንዳለ ጠየቁት። እርሱም ሦስት ነገር ነገራቸው፤ ለተቀበለው ጸጋ እግዚአብሔርን ጥቂት ማገልገሉን፣ የሚተዋቸውን ድሆች፣ ያልተከፈለውንም ዕዳ። ዕዳው በዝርዝር የተጻፈበትን መዝገብም አውጥቶ በእጃቸው አስረከባቸው። ሊቀ ጳጳሱ መዝገቡን ተቀብለው ዕዳውን እንደሚከፍሉ፣ ድሆቹንም እንደሚጠብቁ ቃል ገቡለት። ዮሐንስ አንቶን ማርቲንን አስጠርቶ ቤቱን አደራ ሰጠው። ማርች 8 ቀን 1550 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ከአልጋው ተነሣ፤ መስቀሉን በእጁ ይዞ ተንበረከከ፤ በተንበረከከበትም ዐረፈ።